ግቢ ተዘግቶ ከገጠር ስንማር፦ የ2012 ጂሲ ተሞክሮ

የኮሮና ወረርሽኝ ካለፈ ዓመታት ተቆጠሩ። የግቢ መዘጋት ግን አላለፈም፤ በጦርነት፣ በመንገድ መዘጋትና በኔትወርክ መቋረጥ ምክንያት ዛሬም ደብተሩን ይዞ ወላጆቹ ቤት የተቀመጠ ተማሪ ብዙ ነው። በቅርቡ የአክስቴ ልጅ ደውላ «እስኪከፈት ድረስ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ለእሷ በስልክ ተናግሬ ያልጨረስኩትን ነው እዚህ የምጽፈው፤ ምናልባት ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል።

በ2012 ዓ.ም. የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ፣ በግቢ አነጋገር ጂሲ (ተመራቂ) ነበርኩ። የምማረው ደቡብ ውስጥ ባለ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ቤተሰቦቼ የሚኖሩት በሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ከተማ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር በሚያስኬድ ገጠር ነው። መብራት የለም። ኔትወርክ ለማግኘት ከቤታችን ጀርባ ያለውን ጉብታ መውጣት ያስፈልጋል፤ እሱም ቢሆን ለድምፅ እንጂ ለኢንተርኔት ብዙም አይሆንም። ይህን የምነግራችሁ «ላፕቶፕ ክፈቱ፣ ጸጥ ያለ ክፍል ምረጡ» የሚሉት ምክሮች ያኔ ምን ያህል ያናድዱኝ እንደነበር እንድታውቁት ነው።

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ የተነገረው ዓርብ መጋቢት 4 ቀን ነበር። ሰኞ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን ይዘጉ ሲባል፣ እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከግቢ ሳንወጣ እንድንቆይ ተነገረን። ብዙም ሳይቆይ ውሳኔው ተቀየረና ወደየቤታችሁ ሂዱ ተባልን። የመናኸሪያውን ግርግር አልተርከውም፤ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። «15 ቀን» የምትለዋ ቁጥር ግን ከጭንቅላታችን አልወጣችም፤ ሻንጣችንን የሞላነውም በእሷ ልክ ነው። ልብስና ጫማ ይዘን ወጣን፤ ደብተሩ፣ ሞጁሉና ወርክሺቱ ሎከር ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። በኋላ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለይቶ ማቆያ ሲሆኑ ዶርሞች ባዶ እንዲሆኑ ተደረገ። ዕቃችን በማን እጅ ወዴት እንደሄደ ያወቅነው ስንመለስ ነው።

ስለዚህ ግቢ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ በሰማችሁ ቀን ልብሱን ተዉትና ወረቀቱን ያዙ። የእያንዳንዱን ኮርስ አውትላይን ፎቶ አንሱ። ጥሩ ኖት ከሚይዝ ልጅ ደብተር ላይ እስከዚያ ቀን የተማራችሁትን ሁሉ ፎቶ አንሱ። የመምህራኑን የቴሌግራም ስም ብቻ ሳይሆን ስልክ ቁጥራቸውን በወረቀት ጻፉ፤ ለምን በወረቀት እንዳልኩ ቆይቶ ይገባችኋል። ከላይብረሪ የተዋሳችሁት መጽሐፍ በእጃችሁ ካለም ይዛችሁት ሂዱ፤ የላይብረሪ ሠራተኞች ይቅር ይበሉኝ።

ቤት ከደረስን በኋላ የድህረ ምረቃ ተማሪዎች በኦንላይን ይቀጥላሉ፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ደግሞ ማንበቢያ ይላካል የሚል ነገር መጣ። አዲስ አበባ ያሉ የዘመድ ልጆች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ትምህርት ሲሰጣቸው፣ የእኛ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ በሙሉ ቴሌግራም ላይ ወደቀ። የክፍል ተጠሪያችን ግሩፕ ከፈተ፤ መምህራኑ ፋይል መልቀቅ ጀመሩ። ምኑን ልንገራችሁ! አንዱ የስምንት መቶ ገጽ የውጭ መጽሐፍ ይለቃል፣ ሌላው የዓመቱን ስላይድ ባንድ ማታ ያራግፋል። ተማሪውም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ያገኘውን ሁሉ ይጨምራል። ስልካችን ጎተራው ሞልቶ ወፍጮ እንደሌለው ቤት ሆነ። ብዙዎቻችን ያወረድነውን እንደ ተማርነው ቆጠርነው። ከጓደኞቼ ጋር ስንደዋወል «ኦዲቲንግ የት ደረስሽ?» ስባል «ኧረ ሁሉም አለኝ» ነበር መልሴ። አለኝ ማለትና አነበብኩት ማለት በዚያ ሰሞን አንድ ሆነው ነበር።

መርሳ የምወርደው በገበያ ቀን ነው። ስልኬን ሱቅ ቻርጅ አስደርጌ፣ ካርድ ሞልቼ፣ በ*999# ጥቅል ገዝቼ ኢንተርኔት እንደከፈትኩ ግሩፑ ውስጥ የተጠራቀመው ፎቶና ቪዲዮ እኔ ሳልነካው ይወርድና ጥቅሉን ይበላዋል። የምፈልገው ሀንድአውት ሳይወርድ ገንዘቡ ያልቃል። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ሳለ የነገረኝ ያው ስልኬን ቻርጅ የሚያደርግልኝ ባለሱቅ ነው፦ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ራሱ እንዳያወርድ አጥፉት፣ የምትፈልጉትን ብቻ እየመረጣችሁ አውርዱ። ፋይሉን ከመንካታችሁ በፊት ስንት ሜጋባይት እንደሆነ አንብቡ። የሚከብድ ከሆነ ከተማ ያለ ጓደኛ የምትፈልጉትን ምዕራፍ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። መምህር ማብራሪያ ልስጥ ካለ ቪዲዮ ሳይሆን የድምፅ መልእክት እንዲልክ ለምኑት፤ ድምፅ በጣም ትንሽ ነው የሚበላው። አንድ ሰው ያወረደውን ደግሞ በዜንደር ወይም በሼር ኢት ያለ ኢንተርኔት ተቀባበሉ። መርሳ ላይ ከእኔ ሌላ የተለያየ ዩኒቨርሲቲ ልጆች እንደነበሩ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ የአካውንቲንግ መጽሐፍ የትም ያው ስለሆነ ከእነሱ ያገኘሁት ከግሩፑ አይተናነስም።

እስካሁን የነገርኳችሁ ቀላሉን ነው። ከባዱ ቤት ውስጥ ነበር።

ለቤተሰቤ እኔ ግቢ ስሆን ተማሪ ነኝ፤ ቤት ከገባሁ የቤት ልጅ ነኝ። ሬዲዮው «ትምህርት ተዘግቷል» ብሏል፤ እናቴም የሰማችው ይህንኑ ነው። ውሃ አለ፣ እንጨት አለ፣ እንጀራው አለ፣ የማሽላ ዘር የሚዘራበት ወቅት ደግሞ እየደረሰ ነው። ጠዋት ሥራ፣ ቀን ሥራ፣ ማታ ኩራዝ። ጉብታው ላይ ወጥቼ ስልኬን ስነካካ ጎረቤት ያያል፤ ማታ እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ትለኛለች። ፒዲኤፍ እያነበብኩ ነው ብላት ምን ሊገባት? እሷ የምታውቀው ስልክ ሰው የሚደውሉበት፣ ሲብስ ደግሞ ልጅ የሚያበላሽ ዕቃ ነው። ወንድሜ ስልክ ይዞ ሲቀመጥ የሚጠይቀው የለም። ይህን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል።

ነገሩ የተለወጠው ሳላስበው ነው። ስልኬ እየጠፋ ስላስቸገረኝ አንድ ገበያ ቀን የአድቫንስድ አካውንቲንግን አንድ ምዕራፍ መርሳ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ መጣሁ። ወረቀት ለመቆጠብ አራት ገጽ በአንድ ፊት እንዲወጣ አድርጌ ነበር። ማታ መደብ ላይ ዘርግቼ ደብተር ላይ ስሠራ እናቴ ቡና እያፈላች ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ወንድሜን «ተዋት፣ እያጠናች ነው፤ ከብቱን አንተ አስገባ» አለችው። ጉብታው ላይ ስልክ ይዤ የዋልኩባቸው ሳምንታት ያላመጡትን ጥቂት ወረቀት አመጣው። ወላጅ ትምህርትን የሚያውቀው በወረቀትና በእስክሪብቶ ነው። ወላጆቻችሁን በክርክር ለማሳመን አትድከሙ፤ የሚያዩት ነገር ስጧቸው። አሳትሙ። ማሳተሚያ ከሌላችሁ ከስልክ ወደ ደብተር ገልብጡ፤ መገልበጡ ራሱ ጥናት ነው፣ ዘገምተኛ ቢሆንም የማይረሳ።

ከዚያ ወዲህ ከእናቴ ጋር ሰዓት ተስማማን። ሙሉ ቀን አልጠየቅኳትም፤ ብጠይቅም አይሰጠኝም፣ ሥራውም እውነተኛ ሥራ ነው። የጠየቅኳት ማለዳ ወፍ ሲንጫጫ ተነስቼ እስከ ቁርስ ያለውን ጊዜ ነው፤ በምትኩ እንጀራው የእኔ ሆነ። ለሴት ተማሪዎች በተለይ የምላችሁ ይህ ነው፦ «ላጥና ተዉኝ» ብላችሁ ቀኑን በሙሉ አትጠይቁ። የታወቀ፣ በየቀኑ የማይለወጥ ሰዓት ጠይቁ፤ የምትሠሩትንም ሥራ ራሳችሁ ምረጡ። ሥራው ሳይታወቅ ሲቀር ነው ቀኑን ሙሉ «ነይ እስቲ» የሚባለው።

ሌላው ጉዳይ ሽማግሌ ነው። ግንቦት ላይ አንድ ቤተሰብ ሽማግሌ ሊልክ እንደሆነ ወሬ ደረሰኝ። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ትምህርቱ መቼ እንደሚከፈት ማንም አያውቅም፣ ልጅ ደግሞ ቤት ተቀምጣለች። በየመንደሩ ያን ሰሞን ሠርግ በድብቅ ነበር፤ መሰባሰብ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ስለተከለከለ ድንኳን ሳይጣል ጥቂት ሰው ጠርቶ መዳር ቀለለ። ወጪውም አነሰ። የእኛ ሰፈር የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ሄዳለች፤ ትምህርት ሲከፈት ስሟ ሲጠራ አልነበረችም። እኔ ከአባቴ ጋር ራሴ አልተከራከርኩም። መርሳ ያስተማረኝን የሁለተኛ ደረጃ መምህሬን አገኘሁና ነገርኩት። በገበያ ቀን አባቴን ሻይ ጋብዞት «አባባ፣ ልጅዎ የቀራት አንድ መንፈቅ ነው፤ እስክትጨርስ ድረስ ይታገሱ» አለው። ስለ ሴቶች መብት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ስለ ቀረው ጊዜ ብቻ ነው ያወራው፤ አባቴም የገባው ይህ ነው። ወላጅ የሚያከብረውን ሰው፣ መምህርም ይሁን ቄስ ወይም ሼህ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ወሬው ሳይበስል ቀድማችሁ ፈልጉ። ሽማግሌው ቤት ከገባ በኋላ አባት ቃሉን ለማጠፍ ይቸገራል።

ሰኔ ደረሰ። ሰኔ 22 ምሽት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ የተመለሰው ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። ያን ሰሞን የነበረው ሐዘንና ፍርሃት ሌላ ታሪክ ነው። እኔ የምናገረው ስለ ቴሌግራሙ ነው፦ ግሩፑ፣ ፋይሉ፣ የመምህራኑ አድራሻ፣ ሁሉም ባንድ ሌሊት ድርግም አለ። በወረቀት ጻፉ ያልኩት ለዚህ ነው።

ስልክ ግን ይሠራል። የዶርም ጓደኞቼ አራት ነበርን፤ አንዷ ሆሳዕና፣ አንዷ ደብረ ታቦር፣ አንዷ አዲስ አበባ። አንድ ማታ ደህንነታችንን ለመጠያየቅ የአዲስ አበባዋ ሁላችንንም ባንድ ጥሪ አገናኘችን። ካለቀስንና ከሳቅን በኋላ የሆሳዕናዋ «ሴቶች፣ ያቺን የኮንሶሊዴሽን ጥያቄ ማን ሠርቷታል?» ብላ ጠየቀች። ማንም አልሠራትም። አራታችንም ስልክ ውስጥ ግን አለች!

ከዚያ ማታ በኋላ ተደዋወልን። መሸት ሲል የድምፅ ጥቅል ስለሚረክስ ሰዓቱ እሱ ሆነ። አሠራሩን ልንገራችሁ፤ እኔ ከዚህ ሁሉ ለሌላ ሰው ላስተላልፈው የምፈልገው ዋናው ነገር ይህ ነው። ለአንድ ሳምንት አንድ ኮርስ፣ ከኮርሱም አንድ ክፍል ብቻ እንመርጣለን። ሁላችንም እናነበዋለን፤ አንዷ ግን ተረኛ ናት። ተረኛዋ ለሌሎቻችን በአማርኛ ታስረዳለች፤ እንግሊዝኛውን ማንበብ አይፈቀድላትም። በአማርኛ ማስረዳት ካቃታት አልገባትም ማለት ነው፤ ያለ ርኅራኄ እናቋርጣታለን። ከዚያ ሁላችን አንድ ጥያቄ በየግላችን እንሠራና በሚቀጥለው ጥሪ መልሱን ብቻ እንናገራለን። አካውንቲንግ ለዚህ ይመቻል፦ የዴቢቱና የክሬዲቱ ድምር ይገጥማል ወይም አይገጥምም፣ በስልክ አንድ ቁጥር ተናግሮ መፈተሽ ይቻላል። ቁጥራችን ሲለያይ ጆርናሉን መስመር በመስመር እያነበብን የተሳሳትንበትን እንፈልጋለን። አንድ ጊዜ ሦስታችን ተመሳሳይ መልስ አግኝተን በደብረ ታቦሯ ላይ ስንስቅባት፣ ለካ ትክክሏ እሷ ናት።

ሕግ፣ ታሪክ ወይም ባዮሎጂ ለምትማሩ መልሱ ቁጥር ስላልሆነ ትንሽ ይለያል። እህቴ በኋላ ነርሲንግ ስትማር ይህንኑ ሞክራው የሠራላት ተረኛዋ ሦስት ጥያቄ አዘጋጅታ ሌሎቹ መጽሐፍ ሳይከፍቱ እንዲመልሱ በማድረግ ነው። ዋናው ነገር ማታ የሚጠብቃችሁ ሰው መኖሩ ነው። ሁለት መቶ ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ ዝም ብትሉ የሚያስታውሳችሁ የለም፤ አራት ሰው ባለበት ጥሪ ግን ሳታነቡ መግባት ያሳፍራል። ከአምስት በላይ አትሁኑ፤ ጥሪው ይበጣጠሳል፣ አንዱም ተሸሽጎ ያመልጣል። ከመካከላችሁ አንዱ ከተማ ያለ ይሁን፤ ኢንተርኔት ሲመለስ ፈላጊው እሱ ነው። ካርድ የሚከብዳት ካለች ደዋይ አታድርጓት፤ እኛ ዘንድ ደዋይዋ የአዲስ አበባዋ ነበረች፣ ስንመለስ ምሳ ስንጋብዛት ከረምን።

የመመረቂያ ጽሑፌ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነበር። ርዕሴ የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮችን የሚመለከት ሲሆን መጠይቁን የምበትነው ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ ነበር። መጠይቁ ታትሞ ሻንጣዬ ውስጥ አለ፤ ከተማው ግን ከመርሳ የቀናት መንገድ ነው፤ በዚያ ላይ መኪና በግማሽ እየጫነ ታሪፉ እጥፍ ሆኗል። ብዙ የክፍሌ ልጆች «ሲከፈት እንሠራዋለን» ብለው አስቀመጡት። የሆሳዕናዋ ግን ርዕሷን ወደ ግል ባንኮች ትርፋማነት ቀየረች፤ የባንኮች ዓመታዊ ሪፖርት ከኢንተርኔት ስለሚገኝ ሰው ማግኘት አያስፈልጋትም። እኔ ርዕሱን ሳልለቅ ቦታውን ብቻ ወደ መርሳ ለማዞር አሰብኩ። ያኔ በነበረው ሕግ ዓመታዊ ጠቅላላ ገቢያቸው ከ500,000 ብር በታች የሆኑት የደረጃ «ሐ» ነጋዴዎች ግብራቸውን የሚከፍሉት ከሐምሌ 1 እስከ 30 ነበር። ስለ ግብር ለማውራት ከሐምሌ የተሻለ ወር የት ይገኛል? ሁሉም ስለሱ ነው የሚያወራው፣ ባይጠይቁትም ያወራል።

ይህን ለማድረግ የአድቫይዘሬ፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዬ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። በቴሌግራም የጻፍኩላቸው መልእክት ያለ መልስ ከርሟል። መምህራኑን ስንወቅስ ከርመን ነበር፤ በኋላ ሳስበው ግን እነሱም በራሳቸው ካርድ፣ ልጅ እያለቀሰባቸው፣ ማንም ሳያሠለጥናቸው የተጣለባቸው ሥራ ነበር። ደግሞ እኛ የምንጽፍላቸው እንዴት ነው? «ሰላም ቲቸር፣ እንዴት ነህ» ብለን ዝም። እሱ መልስ እስኪሰጥ ጠብቀን ጉዳያችንን ልንነግረው። ስንት ተማሪ እንዲህ እንደሚጽፍለት አስቡት። ስለዚህ ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ሳለ በስልክ አጭር መልእክት እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «የተከበሩ መምህር፣ እገሊት ነኝ፣ የሦስተኛ ዓመት አካውንቲንግ፣ መለያ ቁጥሬ ይህ ነው። የጥናቴን ቦታ ወደ መርሳ ከተማ ብቀይረው ይፈቅዱልኛል? አዎ ወይም አይ ቢሉኝ በቂዬ ነው።» መልሱ በዚያው ቀን መጣ፦ «አዎ። የናሙና አመራረጡን አስተካክዪ።» ስም፣ መለያ፣ አንድ ጥያቄ፤ በቃ።

ከዚያ ማስክ አድርጌ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ወረቀት መቀባበሉን ሰው ስለፈራው ጥያቄውን ከደጅ ቆሜ አነብላቸዋለሁ፣ የመለሱልኝን እኔ እጽፋለሁ። አንዳንዱ የገቢዎች ሠራተኛ መስዬው ጀርባውን ሰጠኝ። ያ ስልኬን ቻርጅ የሚያደርገው ባለሱቅ ለጎረቤቶቹ «የእኛው ልጅ ናት» ባይልልኝ ኖሮ ግማሹንም አላገኝም ነበር። የምታውቁት ከተማ ላይ ጥናት መሥራት ይህ ጥቅም አለው፤ ደግሞ ጉዳቱ ሁሉም ሰው የአባታችሁ ወዳጅ ስለሆነ በአጭሩ አይለቃችሁም።

ክረምቱ አልፎ 2013 ገባ። ጥቅምት ላይ የአንበጣ መንጋ እኛን አካባቢ ወርሮ ማሽላውንና ጤፉን ሲያጠፋ፣ ሰፈሩ በሙሉ ቆርቆሮ እየደበደበ ከማሳው ላይ ዋለ፤ ጥናትም፣ ጥሪም፣ ሁሉም ቀረ። ይህ ሲሆን በራሳችሁ አትፍረዱ። ሳምንቱን ለጓደኞቼ ነገርኳቸው፣ ተራዬን ሌላዋ ወሰደችልኝ። ወሩ ሳያልቅ ደግሞ ትግራይ ውስጥ ጦርነት ተጀመረና ለሰሜን ልጆች መንገዱ ሁሉ ጭንቅ ሆነ። ተመራቂዎች ቀድመው እንዲገቡ ሲደረግ እኔም ወደ ደቡብ ተመለስኩ።

ግቢ ስንገባ የጠበቀን ለየት ያለ ነበር። ብዙዎቻችን ትምህርቱ ካቆምንበት የሚቀጥል መስሎን ነበር። የቀረው ግን በጥቂት ሳምንት እንዲያልቅ ተጨምቋል፤ አንድ መምህር ደግሞ በመጀመሪያው ቀን «ምዕራፍ አራትና አምስትን ቴሌግራም ላይ ለቅቄላችኋለሁ፣ ከስድስት እንጀምራለን» አለ። ክፍሉ ተንጫጫ። እኔና ጓደኞቼ ሁሉንም አልሸፈንንም ነበር፤ ከአድቫንስድ አንድ ምዕራፍ፣ ከኦዲቲንግ ደግሞ ግማሹ ቀርቶን ነበር። ግን የሠራነውን በእጃችን ሠርተነዋል። እስክሪብቶ አንስተን ጥያቄ ስንጀምር እጃችን አልከዳንም። ፋይል ብቻ ይዘው የመጡት ልጆች ከእኛ ያነሱ አልነበሩም፤ ከእኛ የሚበልጡም ነበሩባቸው። ለወራት ቁጥር ያልጻፈ እጅ ግን ፈተና ላይ ሰዓት ይበላል።

ስለ መመለሻው ሦስት ነገር ልበላችሁና ላብቃ። አንደኛ፣ መምህሩ «ለቅቄዋለሁ» የሚለው ነገር ሁሉ ፈተና ላይ ይመጣል ብላችሁ ያዙ። ያልደረሳችሁ ካለ በመጀመሪያው ሳምንት በተጠሪያችሁ በኩል በጽሑፍ አሳውቁ፤ ፈተናው ሲቀርብ የሚሰማችሁ የለም። ሁለተኛ፣ ቤት ሆናችሁ የመለሳችሁትን አሳይመንት ሁሉ ኮፒውን አስቀሩ፣ የላካችሁበትን ቀን ጻፉበት። ከእኛ ክፍል አሳይመንቱ አልደረሰኝም የተባለ ልጅ የላከበት ቴሌግራም በስልኩ መሰበር ጠፍቶበት ማርኩን አጥቷል።

ሦስተኛው ፈቃድ ነው። አድቫይዘሬ በመካከሉ ለትምህርት ወጥተው በሌላ ሰው ተተክተዋል። አዲሱ ጽሑፌን ገልጦ «ፕሮፖዛልሽ ላይ ያለው ቦታ ሌላ፣ ይሄ ሌላ፤ ማን ቀይሪ አለሽ?» አሉኝ። ያቺን «አዎ» የምትል መልእክት አልሰረዝኳትም ነበር፤ ቀኗና የላኩበት ቁጥር እንዲታይ አድርጌ አሳየኋቸው። አንብበው «የናሙና አመራረጡንስ አስተካክለሻል?» ሲሉ ገጹን አወጣሁላቸው፤ እዚያው ፈረሙ።